በቁሜ ቅሬ የወጣልኝ ቀን

ይህ ነገር የሆነበትን ዓመት በትክክል አላስታውስም። ደርግ መሆኑን አውቃለሁ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንገዛበት፣ ሽበታም ሰው ሳይቀር ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት የሚገባበት ጊዜ ነው። ልጄ «አባባ፣ እስቲ ከትልቁ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እያለች ልታስታውሰኝ ትሞክራለች። እኔ ግን የማስታውሰው ብርዱን ነው። ደሴ ላይ ውርጭ የሚጥልበት፣ ጥቅምት አካባቢ ነበር።

ዓመቱ ቢጠፋኝም ነገሩ አልጠፋኝም። ሰው ሲሞት ቅሬ ይወጣለታል፤ ከዚያ ወዲያ ታሪኩ አለቀ። የኔ ግን ቅሬ ከወጣልኝ በኋላ ነው የጀመረው። ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ አጻጻፌ ባያምር አንባቢ አውፍ ይበለኝ።

የገበሬ ልጅ ነኝ። አገሬ በወረኢሉ በኩል ነው። ዝናቡ እየራቀን ሲሄድ ከብቱ አለቀ፤ ኋላም አባቴና እናቴ ተከታትለው አረፉ። እኔ ደሴ ገባሁና ገበያ ውስጥ ሸክም መሥራት ጀመርኩ። ሸክም ሠሪዎች በአንድ ክፍል ተደርድረን የምናድርበት ቤት ነበር፤ ማታ ማታ ከፍለን እንገባለን፣ ጠዋት እንወጣለን። ወጣት ነበርኩ፣ ጉልበት ነበረኝ፣ ኑሮው ያን ያህል አልከበደኝም።

ከዚያ ሳል ያዘኝ። መጀመሪያ የብርድ ነው ብዬ ናቅኩት። ሳሉ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሰው አላስተኛ አለ። አብረውኝ የሚያድሩት ክፉዎች አልነበሩም። ግን ቀን ሙሉ ኩንታል ሲሸከም የዋለ ሰው እንቅልፍ ይፈልጋል። የቤቱ ባለቤት አንድ ቀን «ወንድምዓለም፣ ሲሻልህ ትመለሳለህ» ብላ የምተኛባትን ጆንያ በር ላይ አስቀመጠችልኝ።

እንዴት ይሻለኛል? ሳሉ ማደሪያ አሳጣኝ፤ ማደሪያ ማጣቱ ደግሞ ሳሉን አባሰው። በሬ አውድማ ላይ እንደሚዞር እዚያው ላይ እዞር ጀመር።

ሆጤ በሚባለው ሰፈር አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ማደር ያዝኩ። ባለሱቁ ጠዋት ሊከፍት ሲመጣ እነሣለታለሁ፣ ማታ ሲዘጋ እተኛለሁ። ቀን ቀን ፀሐይ ያለበትን ግድግዳ እየተከተልኩ እቀመጣለሁ። ሸክሙንም ትቼዋለሁ፤ ራሴን መሸከም አቅቶኝ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ እየሰፈረች የምትሸጥ እመት ዘሀራ የምትባል ሴት ነበረች፤ አንዳንድ ቀን ዳቦ ትሰጠኛለች። በረንዳ የሚያድርን ሰው ሰፈርተኛው በዓይኑ ያውቀዋል፤ ስሙን ግን የሚጠይቀው የለም። እኔም የማንንም ስም አልጠየቅኩም።

ያን ቀን ጠዋት የሆነውን ግማሹን ያወቅኩት ኋላ ከሰው ሰምቼ ነው። ሌሊት ደም ተፍቼ ራሴን ሳትኩ። ባለሱቁ ሊከፍት ሲመጣ አልተነሣሁም። «አንተ፣ ነግቷል!» ቢል መልስ የለም። እጄን ሲነካው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ ጆንያው ላይ ደም አየ። የቀበሌውን ጥበቃ ጠራ፤ ጥበቃውም ራቅ ብሎ አየኝና «ይሄማ ሌሊት ነው የሄደው» አለ። በዚያው ሞቼ ቀረሁ።

ቅሬ ማለት ሌላ አገር እድር የሚሉት ነው። በዚያ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም ቅሬው አንድ ነበር፤ አንዱ ለአንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ የአንዱን ሬሳ ይሸኛል። ዘመድ የሌለው መንገደኛ ቢሞት እንኳን ሜዳ ላይ አይጥሉትም። የቅሬው ዳኛ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሲነገራቸው የስፌት መኪናቸውን ትተው ተነሡና ጥሩምባ ነፊውን አስጠሩ።

ጥሩምባ ነፊው ጎልማሳነቱ ወደ ሽምግልናው የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበሩ። በየመንገዱ እየዞሩ «በጨርቅ ሱቁ በረንዳ ያድር የነበረው እንግዳ አርፏልና ውጡ!» ብለው ለፈፉ። ሰው አካፋውንና ዶማውን ይዞ መጣ። ቃሬዛው መጣ። አንዲት ሴት ከቤቷ አቡጀዲ አምጥታ አለበሰችኝ። ባለሱቁ በሩን መክፈት ስለፈለገ አንሥተው ከመንገዱ ማዶ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ሥር አስቀመጡኝ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። አንዱ አካፋ የያዘ «የት ሄደን ነው የምንቆፍረው?» ብሎ ጠየቀ።

«እስላም መቃብር ነዋ» አለ ሌላው።

«በምን አወቅህ? አንገቱ ላይ ጥቁር ክር አለ። ማተብ ነው፣ የኛ ሰው ነው።»

«ምን ማተብ! የክታብ ክር እኮ ነው። ክታቡ ወድቆበት ነው።»

እመት ዘሀራን ጠየቋት። «አንቺ ፊት ለፊትሽ ነው የሚውለው። ስሙ ማነው?»

«ይመር ሲሉት የሰማሁ ይመስለኛል።»

«ይመርማ እናንተም ጋ አለ፣ እኛም ጋ አለ» አሉ ዳኛው። «ሲምል ምን ብሎ ነው የሚምለው?»

«ኸረ እሱ ምን አለውና ይምላል? ብቻ ዳቦ ስሰጠው አንዴ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ይለኛል፣ አንዴ ‹አላህ ይስጥልኝ› ይለኛል።»

ሬሳ ፊት መሆኑን ረስቶ ሰው ሁሉ ሳቀ አሉ። ወሎ ውስጥ ይሄ ምንም ማስረጃ አይሆንም።

አንዳንዱ ፀሐይ ሳይበረታ ይለቅ፣ አንዱ ጋ እንቅበረው አለ። ጥሩምባ ነፊው ግን እንቢ አሉ። «የማን ወገን መሆኑን ሳላውቅ ሬሳ ሸኝቼ አላውቅም። ነገ ዘመዱ ቢመጣ ምን ልንለው ነው? ገበያ ሂዱና ሸክም ሠሪዎቹን ጠይቁ። እስከዚያ ይቆይ።» ሰው ተላከ። እኔም ፀሐይ ላይ ቆየሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ራሴ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ሙቀት ነው። ፊቴ ላይ ጨርቅ አለ፤ ዓይኔን ልክፈት ብል አልከፈት አለኝ። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ። አንዱ «ሃይማኖቱ ምንድን ነው?» ይላል። ሌላው «የማን ወገን ነው?» ይላል።

ልጅ ሆኜ ሸሃችን ያስተማሩን ትዝ አለኝ። ሰው ተቀብሮ ሸኚው ሲመለስ ሁለት መላእክት መጥተው ይጠይቁታል። ጌታህ ማነው? ዲንህ፣ ሃይማኖትህ፣ ምንድን ነው? ይሉታል። መልሱን ያወቀ ዳነ፤ ያላወቀ ወየውለት። በቃ፣ ተቀብሬያለሁ አልኩ። መቃብር እንዲህ የሚሞቅ አይመስለኝም ነበር። መላእክቱ የኛን አገር አማርኛ መናገራቸውም ገረመኝ።

ምላሴ እንጨት ሆኗል። ቶሎ ካልመለስኩ የሚጠብቀኝን ስለማውቅ፣ ያለኝን ኃይል ሁሉ አሰባስቤ፣

«እስላም ነኝ» አልኩ።

አካፋ ሲወድቅ ሰማሁ። ሴት ጮኸች። ከዚያ የእግር ድምፅ፣ የሚሮጥ፣ የሚገፋፋ። ከዚያ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ብቻ አልሮጠም። ጥሩምባ ነፊው ናቸው። ኋላ ሰው ጀግና ሲላቸው «ምን ጀግና! ጉልበቴ ከድቶኝ ነው እንጂ» ይሉ ነበር። አቡጀዲውን ከፊቴ ገለጥ አደረጉት።

«አንተ ሰው! አለህ?»

«ይመር አሊ ነኝ» አልኩ። «ጌታዬ አላህ ነው። ነቢዬ...»

«ያረቢ! ቆይ፣ ቆይ፤ ይሄን ሁሉ ማን ጠየቀህ?»

«መላእክት አይደላችሁም?»

«የለም ወንድሜ፣ ቅሬ ነን» አሉኝ።

የሸሸው ሰው አንድ በአንድ ተመለሰ። የሚስቅ አለ፣ የሚያለቅስ አለ። ዳኛው ላባቸውን እየጠረጉ «እንግዲህ ቃሬዛው ከወጣ ወጥቷል፤ በባዶ አይመለስም። ሐኪም ቤት ውሰዱት» አሉ። በዚያው ለቀብሬ በመጣው ቃሬዛ ተሸከሙኝ። መንገድ ላይ ያለው ሰው ቃሬዛውን ሲያይ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ «ኢና ሊላሂ» ይላል፤ እኔ ቀና ስል ይደነግጣል። ጥሩምባ ነፊው ከፊት ከፊት እየሄዱ «አልሞተም! አብሽሩ፣ ወደ ሐኪም ነው!» እያሉ መንገድ ያስለቅቃሉ።

ሐኪሙ መርምሮኝ የሳንባ በሽታ ነው አለ። ለሁለቱ፣ ለዳኛውና ለጥሩምባ ነፊው፣ በደግነት አስረዳቸው። «በሽታው ይድናል። መርፌ ለተወሰኑ ወራት በየቀኑ ይወጋል፤ ከዚያ ክኒኑን ከዓመት በላይ ሳያቋርጥ ይውጣል። ካቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያን ጊዜ እኔም አልችለውም። በረንዳ ለሚያድር ሰው ጀምሬለት ብዙ ጊዜ ጠፍቶብኛል። የሚያድርበት ቤትና የሚከታተለው ሰው አምጡልኝ፣ ዛሬውኑ እጀምርለታለሁ።»

ተሸክመው መለሱኝ። ከሰዓት በኋላ ሰው እንደገና ተሰበሰበ። እኔ ከቃሬዛው አልወረድኩም፤ ራቅ አድርገው አስቀምጠውኛል፣ የሚሉትን ግን እሰማለሁ። እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ስንት ይሆን? በረንዳው ላይ ከተመለስኩ ያ ውርጭ እንደሚጨርሰኝ እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ።

ዳኛው ተናገሩ። «ወገኖቼ፣ ሕጋችን ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ ይናገራል። ሳይሞት ለተገኘ ሰው ምንም የሚለው የለም።»

እመት ዘሀራ ተነሣች። «እኔ ክፉ አይደለሁም። ዳቦዬን ስሰጠው አይታችኋል። ግን ልጆች አሉኝ። ይሄ ሳል ይተላለፋል። ደጃችን ላይ ልታስቀምጡብን ነው?»

እውነቷን ነበር። ማንም አልተቆጣትም። ዳኛው ሐኪሙ የነገራቸውን አስረዱ፤ መርፌው ከተጀመረ ወዲያ ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ እንደማይተላለፍ፣ እስከዚያ ብቻውን ንፋስና ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ቢሆን፣ አክታውንም ክዳን ባለው ጣሳ አመድ ላይ ቢተፋ እንደማያሰጋ። ሰው ግን ገና ያመነታል። ያን ጊዜ ጥሩምባ ነፊው ተነሡ።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አሉ። «ዛሬ ጠዋት ሥራችሁን ፈታችሁ ለዚህ ሰው መቃብር ልትቆፍሩ ወጥታችሁ ነበር። ቁመቱን የሚያህል መሬት ልትሰጡት ነበር። እኔ የምለው፣ ያችኑ የምታህለውን ነፍሱ ሳትወጣ ስጡት። የቅሬው ዕቃ ቤት አለ፤ ድንኳኑን ወደ ጥግ ብንገፋው ሰው ያስተኛል። መስኮትም አለው።»

«ሕጉስ?» አለ አንዱ።

«ለዚህ ሰው ጥሩምባ ተነፍቷል። እናንተም ወጥታችኋል። ቅሬ የወጣለት ሰው የቅሬው ሰው ነው። አይደለም የሚል ካለ ይንገረኝ።»

አይደለም የሚል አልተገኘም። ዳኛው ሳቅ አሉና «ሐኪሙ ግን የሚከታተለው ሰውም አምጡ ብሏል» አሉ።

«ሞቷል ብዬ ያወጅኩት እኔ። ውሸታም የተባልኩት እኔ። ሌላ ማን ይከታተለው?»

በማግሥቱ መርፌው ተጀመረልኝ። ቀበሌው መጀመሪያ «ዕቃ ቤት ውስጥ ሰው አይኖርም» ብሎ ነበር፤ ዳኛው ተመላልሰው ዝም አሰኙት። እንዴት እንዳሰኙት አላውቅም። ለብዙዎቹ የቀበሌ ሰዎች ልብስ የሚሰፉት እሳቸው ስለነበሩ ይሆናል።

ቤቴ ይህች ናት፤ በአንድ በኩል ድንኳንና አግዳሚ ወንበር፣ በሌላ በኩል ትልልቅ ድስት፣ በመሃል እኔ። ቃሬዛው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ያድራል። መጀመሪያ ማታ ማታ ሳየው ይቀፈኝ ነበር፤ በኋላ ልብሴን ማንጠልጠል ጀመርኩበት። ሰው ሲሞት ዕቃ ሊወስዱ ይመጣሉ፤ እኔ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ውጭ እቆማለሁ። ሰፈርተኛው ስም አወጣልኝ። «ሟቹ» ነው የሚለኝ። «ሟቹ፣ እንዴት አደርክ?» ይለኛል፣ እኔም «አልሃምዱሊላህ» እላለሁ። ያ ስም እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! ሰላም ባይ ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

ጥሩምባ ነፊው ጠዋት ጠዋት በሩን አንኳኩተው ይወስዱኛል። መጀመሪያ ላይ ተደግፌያቸው ነው የምሄደው። እሳቸው በዚያ ጊዜ ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ይገባሉ፤ ግዴታ ነበር። እኔ ሳል ስላለብኝ አልገባም። ታዲያ ማታ የተማሩትን ጠዋት መንገድ ላይ በዱላቸው መሬት ላይ እየጻፉ ያስተምሩኛል። ጎበዝ ተማሪ አልነበሩም። ፊደሉን ከረሱት አፍረው ዝም አይሉም፤ ከራሳቸው ፈጥረው ይጽፉልኛል። ኋላ ተሽሎኝ ራሴ ትምህርት ቤት ስገባ፣ አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ ጻፍ ብትለኝ አንድ ፊደል ጻፍኩ። አየችው፣ ዞራ አየችው። «ጋሼ፣ ይሄን የት ተማሩት?» አለችኝ። ጥሩምባ ነፊው ከኋላ ወንበር ሆነው መሬት መሬቱን ያያሉ።

እመት ዘሀራ ብዙ ሳምንት በሬ አጠገብ አልደረሰችም። ግን ከበሩ ራቅ ብሎ ካለው ድንጋይ ላይ ምግብ በሳህን ከድና ታስቀምጥልኛለች፤ ሳህኑንም ለይታ ሰጥታኛለች። ከዚያ አንድ ቀን ሳህኑን ይዛ ዘው ብላ ገባች። ዙሪያውን አየችና «አንተ ሟች፣ ይሄን ድስት ነው ሳትጠርግ የምታድረው? ለተስካር የሚወጣ ዕቃ እኮ ነው!» ብላ ተቆጣችኝ። ያን ጊዜ እንደዳንኩ አወቅሁ።

እውነት ግን አልዳንኩም ነበር። መርፌው አልቆ ክኒን ላይ ስንደርስ ሳሉ ጠፋ፣ ሥጋዬ ተመለሰ። በዚያ ሰሞን ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ሲሠራ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይፈለግ ነበር። የድሮ የሸክም ጓደኞቼ «ና፣ ሥራ ሞልቷል፣ አገሩም ሞቃት ነው፣ ለሳንባ ይስማማሃል» አሉኝ። ሰው ጤነኛ ሲሆን የሰው ሳህን እየጠበቀ መቀመጥ ይከብደዋል። ለጥሩምባ ነፊው ደርሼ እመጣለሁ ብዬ በአንድ የጭነት መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ክኒኑን ይዤ ነበር። አለቀ። እኔም ደህና ስለነበርኩ ለሌላ አልተመለስኩም። ጭቃ እሸከማለሁ፣ ማታ ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጥግ እተኛለሁ። እንደገና በረንዳ ማደሬ መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩትም።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ጥሩምባ ሰማን።

ያን ድምፅ የማያውቅ የለም። ያ ሁሉ ሠራተኛ እጁ ላይ ያለውን ጣለ። ከየመወጣጫው ወረደ። ማን ሞተ? የማን አገር ሰው ነው? ካቦው እየሮጠ መጣ። ስናይ፣ ከሥራው ቦታ መግቢያ ላይ ያ ቀጭን ረጅም ሰው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመዋል፤ ላባቸው ይወርዳል፤ እንደ ልማዳቸው ጥሩምባውን ነፍተው፣

«ይመር አሊ! የሆጤ ቅሬ ሰው! ያለበትን ጠቁሙኝ!» ይላሉ።

ካቦው «ሰውየው ሞቷል እንዴ?» አላቸው።

«አልሞተም።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። እንዳይሞት ነው የምጠራው።»

ካቦው ተቆጣ። «አንቱ ሰው፣ ለቀልድ ነው ይሄን ሁሉ ሠራተኛ ሥራ ያስፈቱብኝ?»

«ስንት ሠራተኛ ነው ያለህ፣ ልጄ? የእያንዳንዱን ፊት እያየሁ ብዞር እስከ መግሪብ አልጨርስም። ይሄ ይቀላል ብዬ ነው።»

ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ነበርኩ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። መደበቅ ግን አልቻልኩም፤ ጓደኞቼ እየገፉ አወጡኝ። ጥሩምባ ነፊው ሲያዩኝ አልተቆጡም። ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ ክኒን አወጡ።

«ሐኪሙ አሁኑኑ ከጀመረ ይደርሳል ብሏል። ውኃ አለህ?» አሉኝ።

ሁሉም እያዩኝ ዋጥኩ። ካቦው ራሱ ነው ውኃውን ያቀበለኝ። ነገሩን ሲሰማ ቁጣው በረደ። «ጨርስና ና፤ ሥራው የትም አይሄድም» አለኝ።

በአውቶቡስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መውጣት ጀመርን። በኋላ «አያ፣ ተቀይመውኛል?» አልኳቸው።

«አልተቀየምኩም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ። «ፊት ሞቷል ብዬ ጠርቼህ ሳትሞት ቀረህ። እሺ፣ ሰው ሳቀብኝ፣ ቻልኩት። ሁለተኛ ከጠራሁህ ግን ወላሂ መልሼ አልሰርዘውም። የሰፈሩ ሰው ከእንግዲህ ሲጠራ አይወጣም፤ ውሸት ነው ይለኛል። የሥራዬን ስም አታጥፋብኝ።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «አርባ ዘመን ያህል ሰው እየጠራሁ መቃብር አስገብቻለሁ። የመለስኩት አንተን ብቻ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንሥተን አናውቅም።

ክኒኑን ጨረስኩ። ሐኪሙ ነፃ ነህ ሲለኝ አብረውኝ ነበሩ። መሠረተ ትምህርቱንም ጨረስኩ፤ ማንበብና መጻፍ ለመድኩ፣ የአስተማሪዋን ፊደል ማለቴ ነው። ካቦው እንዳለው ሥራው የትም አልሄደም፤ ኮምቦልቻ ወርጄ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር በጥበቃነት ገባሁ። ስም መጻፍ መቻሌ ጠቀመኝ። የቀበሌ ቤት ደረሰኝ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ቅሬዬ ግን እስከ ዛሬ የሆጤው ነው።

ዕቃ ቤቷም ባዶ አልቀረችም። እኔ ስወጣ ሌላ ታማሚ ገባባት፣ ከእሱ በኋላ ደግሞ አእምሮዋ ታውኮ መንገድ ላይ የምትኖር አንዲት ሴት። እሷን እመት ዘሀራ ናት እጇን ይዛ ያስገባቻት፤ ልብ በሉ፣ ያች ዘሀራ። ሁሉም እንደኔ አልቀናውም። አንዱ ጥሎ ጠፍቷል። ቅሬው ግን «እንግዲህ ሕጋችን ሆኗል» ይል ነበር።

አሁን ሽማግሌ ነኝ። መንገድ ላይ የተኛ ሰው ሳይ ሰዎች «መጀመሪያ ይታከም፣ መጀመሪያ ሥራ ይፈልግ» ሲሉ እሰማለሁ። አልከራከርም፣ የተማሩ ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የተሰጠኝ የሚዘጋ በር ነው፤ ከዚያ የሚያንኳኳው ሰው። መድኃኒቱም ፊደሉም የገባው በዚያ በር ነው። ሳስበው ልቤ ይሞቃል። አላዝንም፤ እንዲያውም ብቻዬን እስቃለሁ።

ጥሩምባ ነፊው ካረፉ ቆይተዋል። ያረፉ ዕለት ከኮምቦልቻ ደረስኩ። በእሳቸው ቦታ የገባው ሰውዬ «ጥሩምባ ነፊው አርፈዋልና ውጡ!» እያለ ይለፍፋል። ዕድሜያቸውን ሁሉ የሰውን ስም ሲጠሩ ኖረው የእሳቸውን የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም ጥሩምባ ነፊው ነበር የሚላቸው። አጠገቡ ሄጄ ትከሻውን ነካሁትና «ልጄ፣ በስማቸው ጥራቸው» አልኩት።

ሰይድ ይማም ይባላሉ።